የተበጠሰ ክር

ሰው ለሥራ የተፈጠረ መሆኑን የማያውቅ የለም። ሕፃን እንኳ ገና ቆሞ መሄድ ሳይጀምር እጁ የያዘውን ሁሉ ያገላብጣል፥ ይደረድራል፥ ያፈርሳል። ዳሩ ግን መሥራትና በሙያ መሥራት አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው ጧት ወደ ሥራው ይሄዳል፥ ማታ ይመለሳል፥ ወሩ ሲሞላ ደመወዙን ይቀበላል፤ ነገር ግን «በዚህ ወር ምን ሠራህ?» ብሎ የሚጠይቀው ቢኖር መልሱ ይቸግረዋል። ባለሙያ ግን የሠራውን ያውቃል፤ ስለ ሠራውም ይጠየቅበታል።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ እኔ ይህን ነገር የተማርሁት ከትምህርት ቤት አይደለም። እኩሌታውን የተማርሁት በልጅነቴ ከአንድ ሸማኔ ነው፤ እኩሌታውን ደግሞ ካደግሁ በኋላ ከገዛ ጥፋቴ ነው። ሁለቱንም እነግርሃለሁ። አንተም ነገ በትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ፥ ከብዙ ሰዎች መካከል፥ አንዲት ትንሽ ሥራ ይዘህ መቀመጥህ አይቀርምና።

ልጅነቴ ያለፈው በአዲስ አበባ፥ ከእንጦጦ ግርጌ፥ በሽሮ ሜዳ ነው። ይህ ሰፈር ከጋሞ ደጋ በመጡ ሸማኔዎች የታወቀ ነው። ከቤታችን በታች አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ። ቤታቸው አንዲት ክፍል ስትሆን፥ ከክፍሏም የሚበዛውን ስፍራ የያዘው የሽመናው ጉድጓድ ነበር። እሳቸው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ እግራቸው ከታች ሆኖ ድሩን በየተራ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ እጃቸውም መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰድዳል። ከውጭ የሚሰማው ድምፅ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ስለ ነበረ፥ ሥራው ሐሳብ የማይጠይቅ ይመስለኝ ነበር።

እኛ የሰፈር ልጆች በደጃቸው ስናልፍ «ቁጢት በጣሽ!» ብለን እንጮህና እንሮጥ ነበር። ይህ የሸማኔ ስድብ ነው። ትርጉሙን እንኳ በቅጡ አናውቀውም፤ ከታላላቆቻችን ስለ ሰማነው ብቻ እንለዋለን። ዛሬ ስጽፍ «እሳቸው» እላለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ከእኛ መካከል አንቱ ያላቸው ልጅ አልነበረም። እኔም ከጯሂዎቹ አንዱ ነበርሁ።

አንድ ዓመት ታላቅ እኅቴ ልትዳር ሆነ። እናቴ ክረምቱን ሙሉ ጥጥ ስትዳምጥ፥ ስታባዝት፥ በእንዝርት ስትፈትል ከረመች። ልቃቂቱ በበቃ ጊዜ ለኒያ ሽማግሌ ሰጠቻቸውና ነጠላ እንዲሠሩ ተስማሙ። በተቀጠረው ቀን «ሂድና አምጣ» ብላ ላከችኝ።

ሄጄ ባይ፥ ሊያልቅ የደረሰው ነጠላ ከመጨረሻው አንድ ክንድ ተኩል ያህል ተፈትቶ አገኘሁት። ሽማግሌው ማጉን በትዕግሥት እየመዘዙ መልሰው ይጠቀልሉታል። ደንግጬ «አባባ፥ ምን ሆነ?» አልኋቸው። ከድሩ አንዲት ክር ተበጥሳ ሳያይዋት ሠርተው ኖሮአል። የድር ክር ስትበጠስ ሸማኔው ቶሎ አይቶ ካልቀጠላት፥ ከዚያ ቦታ ጀምሮ እስከ ሸማው ጫፍ ድረስ ጉድለቷ ይሄዳል። ሽማግሌው ይህን ለማቃናት የያዙት መንገድ ይህ ነበር፤ ማጉን እየፈቱ ክሯ እስከ ተበጠሰችበት ቦታ ተመልሶ መቀጠልና እንደ ገና መሥራት።

ጉድለቱን ገና ካልተፈታው ሸማ ላይ ፈለግሁ፤ ጣታቸውን አኑረው እስኪያሳዩኝ ድረስ አላየሁትም። «ይህን ማን ያየዋል?» አልሁ። ሽማግሌው ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፥ «እናትህ ፈትላዋለች፤ እኅትህ ትለብሰዋለች፤ እኔም አይቼዋለሁ» አሉኝ። ከዚያም «ነገ ማታ ና» ብለው አሰናበቱኝ። የሸማኔ ዋጋ በሸማው እንጂ በቀኑ ስላልሆነ፥ የዚያን ቀንና የማግሥቱን ድካም የሚከፍላቸው ማንም አልነበረም። ወደ ቤት ስመለስ ያ ስድባችን ትዝ አለኝና አፈርሁ። በጣሽ ያልናቸው ሰው ቀጣይ ነበሩ።

ይህ ነገር በልቤ እንደ ተጻፈ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ልብ የጻፈውን እጅ ይረሳዋል።

ትምህርቴን ከጨረስሁ በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርሁ። ሥራው ተከፋፍሎ ነበር፤ አንዱ ማመልከቻ ይቀበላል፥ አንዱ መዝገብ ያወጣል፥ አንዱ ደብዳቤ ይጽፋል፥ አለቃው ይፈርማል፥ አንዱ ቍጥር ይሰጣል፥ አንዱ ማኅተም ያደርጋል፥ አንዱ ወደ ውጭ ይልካል። የእኔ ድርሻ ቍጥር መስጠት ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ሥራውን ከመልመዴ የተነሣ ደብዳቤውን ሳላነብ ቍጥር እሰጥ ጀመር። አለቃዬም ፈጣን ነህ ብሎ አመሰገነኝ።

አንድ ቀን ባልዋ የሞተባት አንዲት ሴት የጡረታ ገንዘብ እንድትቀበል የተጻፈ ደብዳቤ በእጄ ገባ። እንደ አጋጣሚ ማመልከቻዋ አብሮ ተያይዞ ነበርና ዓይኔ ወደ እርሱ ሄደ። የሟቹ አያት ስም በማመልከቻው አንድ ነው፤ በደብዳቤው ሌላ ነው። አየሁት። ማየቴንም ዐውቃለሁ። ነገር ግን በልቤ «ስሙን የጻፈው ሌላ፥ የፈረመው ሌላ፤ እኔ ባለ ቍጥር ነኝ» አልሁና ቍጥሬን ሰጥቼ አሳለፍሁት።

ከስምንት ወር በኋላ ሴትዮዋ ያንኑ ደብዳቤ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ወረቀቱ በመታጠፍ ብዛት ሊቀደድ ደርሶአል። ከፋዩ መሥሪያ ቤት «ይህ ስም ካለን መዝገብ ጋራ አይስማማም» ብሎ መልሶአታል፤ የእኛው ቤት ደግሞ «ደብዳቤው ወጥቶአል፥ ሥራችንን ጨርሰናል» እያለ ይመልሳት ኖሮአል። በዚህ መካከል የቤቷ ወጪ ስለ ከበዳት የበኵር ልጅዋን ከትምህርት ቤት አስወጥታ በሰው ሱቅ አስቀጥራዋለች። ይህን ስትነግረን አላለቀሰችም፤ እንደ ተራ ነገር አድርጋ ነው የነገረችን።

መዝገቡን ባወጣሁት ጊዜ ከደብዳቤው ራስ ላይ ያለው ቍጥር በእጄ ጽሕፈት ነበር። ስሙን አስተካክሎ አዲስ ደብዳቤ ለማውጣት የፈጀው ጊዜ አንድ ጧት ብቻ ነው። ልጁ ግን የዚያን ዓመት ትምህርት አላገኘውም። ወደ አለቃዬ ገብቼ ስሕተቱን አይቼ ማሳለፌን ነገርሁት። እሱም ሊያጽናናኝ ፈልጎ፥ «አይዞህ፥ ያንተ ጥፋት አይደለም፤ ያንተ ሥራ ቍጥር መስጠት ነው» አለኝ። ይህ ቃል ከቍጣ ይልቅ ጎዳኝ። እውነቱን ነበርና። ብንመረመር ከሰባታችን አንዳችንም ከተሰጠው ድርሻ አልጎደለም፤ የጎደለው የሴትዮዋ እንጀራ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤውን ሁሉ እያነበብሁ፥ የተሳሳተ ባገኘሁ ጊዜ ይዤ ወደ ጸሐፊው እመለስ ጀመር። ይህም ብዙ አልቆየም። ደብዳቤ በእኔ ዘንድ ይዘገያል ተብሎ ተከሰስሁና «አርፈህ ሥራህን ሥራ» ተባልሁ። በዚያን ጊዜ የገባኝ ነገር፥ የአንድ ሰው ኅሊና ብቻውን የማይበቃ መሆኑ ነው። ሽማግሌው ሸማኔ ክር ሲበጠስ እጃቸውን ለማቆም የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም ነበር። እኔ ግን የተበጠሰውን አይቼ ማቆም አልተፈቀደልኝም።

እንግዲህ ሥራ እንዲህ የተቈራረሰው ከምን የተነሣ ነው? ነገሩ ክፉ ሐሳብ ካላቸው ሰዎች አልመጣም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1776 አዳም ስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ሊቅ ስለ ሀገሮች ሀብት በጻፈው መጽሐፍ የስፒል ሥራን ምሳሌ አድርጎ አመጣ። አንድ ሰው ብቻውን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቢሠራ በቀን 20 ስፒል እንኳ ማውጣት ያቅተው ይሆናል፤ አሥር ሰዎች ሥራውን ተከፋፍለው ቢሠሩ ግን በቀን እስከ 48,000 ያወጣሉ ብሎ አስረዳ። ዓለም ይህን ቃሉን ሰምቶ ተጠቀመበት። ይኸው ሊቅ በዚያው መጽሐፍ፥ ዕድሜውን ሁሉ አንዲት ተራ ነገር እየደጋገመ የሚሠራ ሰው አእምሮው እንደሚደነዝዝ ማስጠንቀቁን ግን ብዙ ሰው አላስተዋለውም።

በ1913 አሜሪካዊው ሄንሪ ፎርድ ከዲትሮይት ከተማ ጋራ በተያያዘችው በሃይላንድ ፓርክ ባለው ፋብሪካው፥ መኪናው በሰንሰለት እየተጐተተ በሠራተኞች ፊት እንዲያልፍ አደረገ። ሠራተኛው አይንቀሳቀስም፤ ሥራው ወደ እሱ ይመጣል፥ አንዲቱን ብሎን ያጠብቃል፥ ሥራው ያልፋል። ከዚህም የተነሣ አንድን መኪና ለመገጣጠም ይፈጅ የነበረው 12 ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ወደ 1 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ወረደ። የመኪናም ዋጋ ረከሰ፤ ገበሬውም ገዝቶ ነዳው። ይህ ትልቅ በጎ ነገር መሆኑን መካድ አይገባም። ነገር ግን በዚያው ዓመት ፋብሪካው 14,000 ያህል ሠራተኛ እንዳይጎድልበት ከ52,000 የሚበልጡ ሰዎች መቅጠር ግድ ሆነበት፤ የሚገባው ብዙ፥ ጥሎ የሚወጣውም ብዙ ነበርና። ፎርድም በጥር ወር 1914 የቀን ደመወዙን ወደ 5 ዶላር ከፍ አደረገው፤ ይህም ከቀድሞው እጥፍ የሚበልጥ ነው። ሰዎቹ ስለ ገንዘቡ ቆዩ። ብሎኑን ግን ያው እንደ ቀድሞው አጠበቁት።

ስለዚህ፥ ወዳጄ ሆይ፥ «ወደ ሸማኔው ጉድጓድ እንመለስ» አልልህም። የጎረቤታችንን የሸማኔውን ድኽነት አይቼዋለሁ፤ በእጅ ብቻ ተሠርቶ የዛሬው ሕዝብ ሁሉ ሊለብስና ሊጠለል አይችልም። መጠየቅ የሚገባን ሌላ ነገር ነው። ሥራ በብዙ እጅ ሲከፋፈል፥ የሸማኔው ዓይንና የሸማኔው መብት አብረው ሊኖሩ ይችላሉን?

ሊኖሩ እንደሚችሉ ያሳየው ሰው፥ የሚገርመው፥ ከሽመና ቤት የወጣ ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ የተባለ በ1867 የተወለደ ጃፓናዊ፥ የአናጢ ልጅ ነበር። በሀገሩ ያሉ ሴቶች በሽመና ሲደክሙ እያየ አደገና ዕድሜውን የሽመና መኪና በማሻሻል ፈጀ። በ1924 የጨረሰው መኪና በፍጥነት ከመሥራቱ ይልቅ በአንድ ነገር ይደነቃል፤ ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆማል። በራሱ የማይቆም መኪና ግን የተበላሸ ሸማ እንዳያወጣ ሰው ቆሞ ሊጠብቀው ይገባል። ልጁ ኪቺሮ የመኪና ኩባንያ በ1937 አቋቋመ፤ ይኸው ሐሳብም ከሸማ ወደ አውቶሞቢል ተሻገረ። በቶዮታ ፋብሪካ ከሠራተኞቹ ራስ በላይ ገመድ ተዘረጋ። ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ባየ ጊዜ ገመዱን ይስባል፤ አለቃውም እየሮጠ የሚመጣው ሊቈጣ ሳይሆን ሊረዳ ነው። ነገሩ ቶሎ ካልተቃና ሥራው ይቆማል።

ይህ ለጃፓኖች ብቻ የሚሆን ጠባይ ነው የሚል ቢኖር፥ በአሜሪካ የሆነውን ይመልከት። በካሊፎርኒያ ግዛት፥ ፍሪሞንት በተባለች ከተማ፥ የጄኔራል ሞተርስ የሆነ ፋብሪካ ነበር። ሠራተኛው ከሥራ በመቅረት፥ ከአለቆች ጋራ በመጣላት፥ የተበላሸ ሥራ በማውጣት ስሙ የጠፋ ስለ ነበረ ፋብሪካው በ1982 ተዘጋ። በ1984 ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ በሽርክና ከፈቱት። ከተቀጠሩትም የሚበዙት እኒያው የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ነበሩ። ነገር ግን ገመዱ ተሰጣቸው፤ ሥራቸውን እንዴት ማሻሻል እንደሚቻል ተጠየቁ። ጥቂት ጊዜ ሳይቆይ ሥራቸው በአሜሪካ ካሉት ደኅና ፋብሪካዎች ተርታ ገባ። ሽርክናው ከፈረሰ በኋላ ፋብሪካው በ2010 ተዘጋ፤ ትምህርቱ ግን አልተዘጋም። ሰዎቹ ሰነፎች የነበሩት በተፈጥሮአቸው አልነበረም፤ እጃቸውን እንጂ ዓይናቸውን የሚፈልግ ስላልነበረ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በቋንቋችን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የሊቅ ዕውቀት ጥበብ ይባላል፤ የእጅ ሥራም ጥበብ ይባላል፤ ሸማኔው በሸማው ጫፍ የሚጥለውም ያማረ ጥለት ጥበብ ይባላል። በኦሪት ዘጸአት እንደምናነበው፥ የድንኳኑን ሥራ የሠራው ባስልኤል የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ሰው ነበር፤ የተሰጠውም ጥበብ ወርቅ፥ ብር፥ ናስ፥ ዕንቍና እንጨት የሚሠራበት ጥበብ ነው። ታዲያ ቋንቋችን ያከበረውን እኛ ለምን ሰደብነው? ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን፥ ሌላውንም ባለ እጅ፥ በሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ከወጣ ከብዙ ዘመን በኋላ እኔና ጓደኞቼ በሽሮ ሜዳ መንገድ ላይ ያንኑ ስድብ እንጮኸው ነበር። ዐዋጅ አፍን ይዘጋ እንደ ሆነ እንጂ ልብን ለመለወጥ ጊዜ ይፈጃል።

ይህም ንቀት የጎዳው ሸማኔውን ብቻ አይደለም። እጁን በሥራ ማስገባት የሚያዋርድ የሚመስለው ሕዝብ፥ ልጆቹን ሁሉ ወደ ወንበር ይሰድዳል፤ ወንበርም ላይ የተቀመጡት ሥራቸው የእጅ ጥበብ መሆኑን አያውቁትም። ደብዳቤ መጻፍ ሙያ ነው። መዝገብ መያዝ ሙያ ነው። ስም አስተካክሎ መጻፍ ሙያ ነው። ዛሬ መዝገቡ በኮምፒዩተር ሆኖአል፤ በእኔ ዘመን ሰባት ሰው የሚያሳልፈውን አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ያሳልፈዋል። ነገር ግን ስሕተትም የዚያኑ ያህል ይፈጥናል፤ የተሳሳተው ስም አንድ ጊዜ ከገባ በየመሥሪያ ቤቱ ሊዳረስ ይችላል። መሣሪያው በተለወጠ ቍጥር የተበጠሰውን የሚያይ ዓይን ይበልጥ ያስፈልጋል።

እንግዲህ አንተ ወደ ሥራ የምትገባ ወጣት፥ ሦስት ነገር ልብ በል። አንደኛ፥ ድርሻህ ትንሽ ብትሆንም ከየት እንደ መጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠይቅ፤ ከመጀመሪያዋ ጫፍ ማን እንደ ፈተላት፥ ከመጨረሻዋ ጫፍ ማን እንደሚለብሳት ዕወቅ። ሁለተኛ፥ ያወቅኸውን ሥራ ከልማድ የተነሣ አትናቀው፤ እኔ የሳትሁት ሥራውን ባላወቅሁ ጊዜ አይደለም፥ በለመድሁት ጊዜ ነው። ሦስተኛ፥ የተበጠሰ ባየህ ጊዜ ተናገር። ምናልባት እንደ እኔ ትገሠጽ ይሆናል። ተግሣጹ ያልፋል፤ አይቶ ማሳለፍ ግን አያልፍም። ይኸው ስንት ዘመን ሆነው፤ ያን ቍጥር ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ።

አንተም አለቃ የሆንህ፥ ወይም ነገ የምትሆን፥ ይህን አስብ። ከበታችህ ያለውን ሰው ፈጣን ነህ ብለህ ስታመሰግነው፥ ምን እንዳያይ እያስተማርኸው እንደ ሆነ መርምር። የተሳሳተ ነገር ይዞ የመጣብህ ሠራተኛ ሥራህን የሚያዘገይ ጠላት አይደለም፤ ስምህን የሚጠብቅልህ ነው። ገመዱን ስቀልለት፤ በሳበውም ጊዜ አትቈጣው። ገመድ የሌለው ሠራተኛ ከጊዜ ብዛት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዓይኑን የጨፈነ ሠራተኛ የሞላበት ቤት ደግሞ፥ ሁሉም ድርሻውን እየፈጸመ፥ ሰው ይበድላል።

እኅቴ ያን ነጠላ ለሰርጓ ለበሰችው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመት በዓል እያወጣች ብዙ ዘመን ለበሰችው። አንድ ቀን ከቤቷ ሄጄ፥ ክሩ የተቀጠለበትን ቦታ ላሳያት ብዬ ነጠላውን በብርሃን ዘርግቼ ፈለግሁ። ላገኘው አልቻልሁም። ሴትዮዋ ግን ያመጣችው የታጠፈ ደብዳቤ፥ ሳልፈልገው፥ ሁልጊዜ በዓይኔ ላይ ነው።